ቀይ ቀበሮ ከሳነቲ በላይ ወዴት ይውጣ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ወዳጆቼ «እስቲ ይሄን አንብብና የምትለውን በል» ብለው ላኩልኝ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት አደጋ ላይ ጥሏል የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው የሚል ነው። ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። አገራቸውንና ተራሮቿን እንደሚወዱም ያስታውቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ብዙ ሰው ያምናል።

ክርክራቸው ባጭሩ ይሄ ነው። አየሩ ድሮም ሲለዋወጥ፣ ድርቅም ሲመጣ ኖሯል፤ እንስሳቱ የበረዶውን ዘመን ሳይቀር አልፈውታል። ዛሬ የሚገድላቸው ሰው፣ ከብትና ውሻ እንጂ ሙቀት አይደለም። ሙቀት ቢመጣም እግርና ክንፍ አላቸው፣ ወደሚመቻቸው ይሄዳሉ። አንድና ሁለት ዲግሪ ደግሞ በቀንና በሌሊት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲተያይ ምንም ነው። እንዲያውም ሙቀቱ የሚጠቅማቸው አሉ። በመጨረሻም፣ አየሩን የሚያሞቀውን ጭስ የለቀቁት ሀብታም አገሮች ስለሆኑ እኛ የምናደርገው ነገር የለም።

በየተራ እመልሳለሁ። አብዝቼ የማነሳው ቀይ ቀበሮን ነው፤ እሳቸውም ደጋግመው የጠቀሱት እሱን ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አየሩ ድሮም ይለዋወጥ ነበር ማለታቸው ትክክል ነው። የባሌው ሳነቲ አምባ በበረዶው ዘመን የበረዶ ግግር የተኛበት መሬት ነበር። ግግሩ እየገፋ ያመጣቸው ድንጋዮች ዛሬም እዚያው ተከምረው ይታያሉ። ሰውም በዚያ ብርድ ውስጥ ኖሯል። ፊንጫ ሀበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ውስጥ የተገኘው ቅሪት፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት በዚያ ከፍታ ላይ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ያሳያል። ጥናቱ በ2019 ነው የወጣው። የሰዎቹ ዋና ምግብ ምን ነበር? የባሌው ግዙፍ ፍልፈል። እሳት ላይ ጠብሰው ይበሉት ነበር። ያው ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ፍልፈል ማለት ነው።

ግን ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም አልነበረባቸውም። የበረዶው ዘመን እኮ ለቀይ ቀበሮ የደህና ዘመን ነበር። የቀበሮው ቅድመ አያቶች ከተኩላ ወገን ናቸው፤ ወደ አገራችን የመጡትም ከ100 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያ ዘመን ብርዱ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ዛሬ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻ የምናየው ዛፍ አልባ ሣራማ መሬት ያኔ እጅግ ሰፊ ነበር። ከዚያ ዓለም ሞቀ። ብርዳማው መሬት ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ቀበሮውም አብሮት ተሰበሰበ። ዛሬ ሰሜን ላይ ትንሽ፣ ወሎ ላይ ትንሽ፣ መንዝ ላይ ትንሽ፣ አርሲ ላይ ትንሽ፣ ባሌ ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሆኖ ተበታትኖ የምናየው መጀመሪያ በዚያ ሙቀት የተነሳ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለራሳቸው ያቀረቡት ማስረጃ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። ይሄ እንስሳ ሙቀት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አሳይቶናል። ያንሳል።

ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ከበረዶው ዘመን ወደ አሁኑ አየር ለመሸጋገር የዓለም አማካይ ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። የፈጀው ግን 10 ሺህ ዓመት ያህል ነው። አሁን ከ1 ዲግሪ በላይ የጨመረው በ150 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ባለፉት 50 ዓመታት። ያኔ ደግሞ ከተራራ ወደ ተራራ የሚሄድ ቀበሮ መንገዱ ላይ እርሻ አልነበረም። አጥር አልነበረም። ውሻ አልነበረም። አስፋልትም አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከሁሉም ጠንካራው ነው። የሚገድላቸው ሰውና ውሻ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙ እስማማለሁ። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶው ታርሷል። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። የእብድ ውሻ በሽታም በየጊዜው ይመጣል። በ2003 ባሌ ወብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ያመጡት የቤት ውሾች ናቸው። በ2008፣ ከዚያም በ2014 ተመልሷል። በየመሀሉ ሌላ የውሻ በሽታ፣ ዲስተምፐር የሚባለው፣ ገብቷል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

እንዲያውም እሳቸው ያላነሱትን ማስረጃ ልጨምርላቸው። አብያታ ሐይቅን ተመልከቱ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ዓሣ ፍለጋ የሚበሩት ወደ አብያታ ነበር። ሐይቁ እየሸሸ፣ ጨዋማነቱ እየጨመረ ሲሄድ ዓሣው አለቀ። ዋናው ምክንያት ግን ሙቀት አይደለም። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ መጠለፉና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃው መወሰዱ ነው። ያለቀውን ሁሉ በአየር ንብረት ማሳበብ ትክክል አይደለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የምለየው «ወይ ሰው፣ ወይ ሙቀት» ብለው ምርጫ ሲያቀርቡ ነው። ተራራ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ነገሩ የሚገባን ገበሬው ምን አግዶት እንደኖረ ስናስብ ነው። ከደጋ በላይ ያለውን መሬት አባቶቻችን ውርጭ ብለው ነው የጠሩት። ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ከፍታ የሚያበቅል ሰው ዋና ጠላቱ ውርጭ ነው። ገብሱ ዘለላ ሊይዝ ሲል አንድ ጥርት ያለች የብርድ ሌሊት ትመጣለች። ሰማዩ ደመና የለውም፣ ንፋስ የለም። ጠዋት ገበሬው ማሳው ዳር ይቆማል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ፀሐይ ስትወጣ ያ ነጭ ይቀልጣል፤ ተክሉም ጠውልጎ ይቀራል። «ውርጭ መታው» ይባላል፣ በቃ። የዓመቱ ልፋት በአንድ ሌሊት ሄደ። አንዱ ገበሬ ይሄን ደጋግሞ ካየ በኋላ ከዚያ በላይ አያርስም። ቀይ ቀበሮን፣ ዋሊያን፣ ጭላዳን ለዘመናት የጠበቃቸው ይሄ ነው። አዋጅ አይደለም። ዘበኛም አይደለም። ውርጭ ነው።

አሁን ያ ዘበኛ እየደከመ ነው። ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ቀዝቃዛ ሌሊቶች ቀንሰዋል። ከታች መሬት የጠበበው፣ ልጆች ያሉት፣ ማሳው የተሸረሸረበት ገበሬ ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ወንድሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ሞከረ፣ ገብሱ ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይወጣል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እወጣለሁ። ግን እዚያ ማረሻ የያዘው ሰው ወደ ላይ የወጣው አየሩ ስለፈቀደለትም ጭምር መሆኑን መካድ አይቻልም።

ውሻውም እንደዚያው ነው። ዝናብ ሲጠፋ የታችኛው ግጦሽ ያልቃል። ከብት ወደ ላይ ይነዳል። ከከብት ጋር እረኛ፣ ከእረኛ ጋር ውሻ ይወጣል። ያ ውሻ ያልተከተበ ከሆነ በሽታው ከሰፈር ተነስቶ ቀበሮው ጉድጓድ አጠገብ ይደርሳል። ታዲያ ቀበሮውን የገደለው ማን ነው? ቫይረሱ ነው፣ እውነት። ውሻው ነው፣ እውነት። ውሻውን እዚያ ያደረሰውን ድርቅ ግን ከዝርዝሩ ማን አወጣው? በ2019 ሚያዝያ ላይ የሰሜን ተራሮችን ፓርክ ያቃጠለውም እሳት እንዲህ ነው። እሳት ለኳሽ ሰው ነው። ሣሩና አስታ የሚባለው የተራራ ቁጥቋጦ ግን ደርቆ ባይጠብቀው ኖሮ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እስከ ማስመጣት ባልደረስን ነበር።

ሦስተኛው፣ እግርና ክንፍ አላቸው የሚለው ነው። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ለጆሮ እውነት ይመስላል።

ቀይ ቀበሮ እንዴት እንደሚያድን ልንገራችሁ። በመንጋ ይኖራል፤ ምግቡን ግን የሚፈልገው ለብቻው ነው። ሳነቲ ላይ በቀን ይታያል። ቀስ ብሎ ይራመዳል። ይቆማል። ጆሮውን ወደ መሬት ያቀናል። ፍልፈሉ መሬት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ቅጠልና ሣር አፍሶ ወደ ኋላው ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱና ትከሻው ብቻ ነው የሚታየው። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አጠገቡ እየዘለለች ፍልፈሉ ከጫረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፤ ቀበሮውን ካየች ትጮሃለች፣ ፍልፈሉም ይሰወራል። ቀበሮው ይሄን ሁሉ ያውቃል። ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ ይሳባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይወረወራል። ረጅምና ቀጭን የሆነው አፉ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው የሚመስለው። ባሌ ላይ ከሚያድነው 96 በመቶው እንዲህ ያሉ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳት ናቸው።

እንግዲህ ቀበሮው እግር አለው። ፍልፈሉ ግን ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም። ያ ግዙፍ ፍልፈል በዓለም ላይ ባሌ ብቻ ነው ያለው። የሚቆፍርበት አፈር ጥልቅ መሆን አለበት፤ የሚበላው ሣርም እርጥበት ይፈልጋል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አፈሩ እየሳሳ ድንጋይ ይሆናል። ቀበሮው ብቻውን ወጥቶ ምን ሊበላ ነው?

ደግሞስ ወዴት ነው የሚወጣው? በቀላል ስሌት እንየው። ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ በ2 ዲግሪ ከሞቀ፣ የለመደውን ብርድ የሚፈልግ እንስሳ 330 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት አለበት። የመንዝ ጓሳ የሚገኘው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ከታችኛው ጫፍ 330 ሜትር ውጡ። የቀረችው ከላይ ያለችው ጠባብ ቁራጭ ብቻ ናት። ሳነቲ ራሱ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ትልቁ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ሰማይ ነው። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ይሾላል፣ አይሰፋም። ከሳነቲ ሜዳ የተፈናቀለ መንጋ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ሊኖር አይችልም።

ወደ ሌላ ተራራስ? ከባሌ ወደ ሰሜን ለመሄድ ስምጥ ሸለቆውን ማቋረጥ አለበት። በሰውና በከብት በተሞላ ቆላ አልፎ። በእኛ ዘመን ይሄን ያደረገ ቀበሮ አይታወቅም፤ ወደፊትም የሚኖር አይመስልም።

ጅብራም እግር የለውም። ያ ሳነቲና ሰሜን ላይ እንደ ዘብ ቆሞ የምናየው ረጅም ተክል ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። በ2016 የወጣ ጥናት በ2080 ጅብራ ዛሬ ከሚኖርበት ቦታ የሚመቸው ሆኖ የሚቀረው ከ4 በመቶ በታች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ግምት ነው፤ ግን ቁጥሩ በግማሽ ቢሳሳት እንኳ የሚያስፈራ ነው።

ስለ ክንፍም ላንሳ። ቦረና ውስጥ፣ ያቤሎና ሜጋ አካባቢ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ወፍ አለ። ፈረንጆቹ ቡሽ ክሮው ይሉታል። ከቁራ ወገን ነው። ገላው ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ለብዙ ጊዜ ሰዎችን ያስገርም የነበረው ነገር፣ ከዚያች ትንሽ ክልል ውጪ ያለው መሬት ከውስጡ ጋር አንድ መምሰሉ ነው። ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር። ክንፍ ያለው ወፍ ግን ድንበሩን አያልፍም። ለምን? ተመራማሪዎች በኋላ የደረሱበት መልስ ሙቀት ነው። እሱ ያለበት ቦታ በዙሪያው ካለው ቀዝቀዝ ይላል። ቀኑ ሲሞቅ ወፉ አፉን ከፍቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። መልቀሙን ይተዋል። ሌሎች የአካባቢው ወፎች ግን ይለቅማሉ። በ2021 የወጣ ጥናት ይሄ ወፍ በ2070 ከሚመቸው ክልል እስከ 90 በመቶውን ሊያጣ ይችላል ይላል። ክንፍ አለው። የሚበርበት ቦታ ግን የለም፤ በአራቱም በኩል ያለው ሙቀት ነው።

አራተኛው የዲግሪው ነገር ነው። ጸሐፊው ሳነቲን ያውቁታል መሰለኝ። በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ፣ ቀን ደግሞ እስከ 26 ዲግሪ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ይሄን የቻለ እንስሳ 2 ዲግሪ ምን ያደርገዋል ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀበሮው በሙቀት ራሱን ስቶ ይወድቃል የሚል አይደለም። እንደዚያ ያለም የለም። አማካዩ ሲለወጥ የሚለወጠው ሌላ ነው። ውርጭ የሚወርድባቸው ሌሊቶች ቁጥር። ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይባቸው ወራት። አስታው ወደ ሣሩ መሬት ምን ያህል ይገፋል የሚለው። ገብስ እስከ የት ይበቅላል የሚለው። የእንስሳው ኑሮ የተመሠረተው በእነዚህ ላይ ነው።

ጭላዳን እንውሰድ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነጨ የሚበላ ዝንጀሮ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። ሮቢን ደንባር የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1998 ባወጡት ጥናት የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጭላዳ ሊኖርበት የሚችለው የታችኛው ወሰን በ500 ሜትር ያህል ወደ ላይ እንደሚገፋ አስልተዋል። «ምንም» የተባለው 2 ዲግሪ ይሄ ነው።

ድርቅም ድሮ ነበር ብለዋል። ነበር። ግን ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ቦረና ያለ ሰው ይሄን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፤ ከብቱ ዓይኑ እያየ አልቆበታል። ከድንበሩ ማዶ ኬንያ የሞቱ የዱር እንስሳቷን ቆጥራለች። ከየካቲት እስከ ጥቅምት 2022 ድረስ 205 ዝሆኖች፣ 512 የዱር በሬ የሚመስሉት ዋይልድቢስቶች፣ 381 ተራ የሜዳ አህዮች፣ 49 የግሬቪ የሜዳ አህዮች። የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ግን የግሬቪ የሜዳ አህያ በዓለም ላይ የቀረው 3,000 ገደማ ብቻ ነው። የእኛም እንስሳ ነው፤ አፋር ውስጥ አላይደጌ ሜዳ ላይ አለ። ስሙም የወጣው በ1882 ከአገራችን አንዱ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ከተላከ በኋላ ነው። በ2023 ድርቁን የመረመሩ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 ጊዜ ከፍ እንዳደረገው ደምድመዋል። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም። የወረደችውን ትንሽ ውሃ ሙቀቱ ከአፈሩና ከቅጠሉ መጦ ወስዷታል።

የሚጠቅማቸውም አሉ ለሚለው አምስተኛ ነጥብ ብዙ ቦታ አልሰጥም። አዎ፣ አሉ። በ2018 መኩኑና ሉባን የሚባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረብ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። በረሃው ለመለመ። የተጠቀመው የበረሃ አንበጣ ነበር። ተራብቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በ2019 እና በ2020 እኛ ላይ ወረደ። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ መንጋ ነበር። እሱን ለመግደል የሚረጨው መድኃኒት ደግሞ ንቡን ከአንበጣው አይለይም። በሙቀት የሚጠቀሙት ባብዛኛው የትም መኖር፣ ያገኙትን መብላት የሚችሉት ናቸው። አንድ ቦታና አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ያላቸው ይጎዳሉ። የእኛ ብርቅዬዎች ደግሞ ብርቅዬ የሆኑት አንድ ቦታ ስላላቸው ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው የሚያናድድም የሚያሳዝንም ነው፤ እኛ የምናደርገው የለም ይላሉ። ጭሱን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ከዓለም ልቀት የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው፤ ዕዳው የሌላ ነው፣ ይሄንም በየጉባኤው ጮክ ብለን መናገር አለብን። ግን ቀይ ቀበሮ ጀርመን ውስጥ የለም። ዋሊያ ካናዳ ውስጥ የለም። ባሌ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ጠባቂው ማን እንደሆነም አብሮ ተመዝግቧል።

የምናደርገው ደግሞ አለ፤ ሲደረግም አይተናል። መንዝ ላይ ጓሳን የጠበቁት ገበሬዎች ናቸው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ይከፍቱታል፣ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ በክፉ ዘመን ደግሞ ለከብት ነው። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ግን የአካባቢው ሰው በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ያ ሣር ስላለ ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ይሄ ሥራ ሲጀመር ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራ ሰው በዓለም አልነበረም። ዛሬ ግን ከዚህ የተሻለ የመከላከያ ዘዴ አላውቅም።

ባሌ ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ውሾች ይከተባሉ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው የሚዋጥ ክትባት እየተሰጠ ነው። ሠራተኞቹ በሌሊት በእግርና በፈረስ እየዞሩ ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ያስቀምጡላቸዋል። ሙቀቱን ማቆም ያልቻለ አገር በሽታውን ማቆም ከቻለ ለቀበሮው ጊዜ ገዛለት ማለት ነው። ጸሐፊው የጠቀሷቸው የሰው ጥፋቶች ሁሉ፣ እርሻው፣ ግጦሹ፣ ውሻው፣ በእጃችን ያሉ ናቸው። ከእጃችን ውጪ በሆነው ሙቀት ላይ እነሱም ሲደመሩ ነው እንስሳው የሚያልቀው። ስለዚህ ሙቀቱ እውነት ነው ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ እነዚህን ቶሎ መሥራት ነው።

ከጸሐፊው የምጠይቀው እንዲያምኑኝ አይደለም። የሚሰማቸው ሰው ብዙ ነው። ሲጽፉ ሦስት ነገሮችን አብረውኝ ይጠይቁ። ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይታረስም የሚለው ወሰን በየወረዳው መሬት ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያ የሚከለከለው ገበሬም ከታች የሚኖርበት ይሰጠው። ከከብት ጋር ተራራ የሚወጣ ውሻ ሁሉ ሳይከተብ አይለፍ። ጓሳ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ ለጥበቃው የሚከፈላቸው ደመወዝ በየወሩ ሳይዘገይ ይድረሳቸው።